ዘጠኝ ሳንቲሜትር

ኖሪን ቶልማን ሦስት ደቂቃ ተሰጥቷት ሦስቱንም ስለ ሾርባ አውርታ ጨረሰቻቸው።

ሁለት ሳምንት ሙሉ መስተዋት ፊት ቆማ ስትለማመድ ነበር የከረመችው። በወረቀቷ ላይ ስለ ሾርባ አንድም ቃል አልተጻፈም። ግን ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ገብታ፣ ማይክሮፎኑ ፊት ቆማ፣ ሦስቱ አጣሪዎች ከፍ ካለው ጠረጴዛ ኋላ ተደርድረው ሲያዩዋት መነጽሯ ቤት መቅረቱን አወቀች። ከዚያ በኋላ አፏ እንዳመጣላት ነው የተናገረችው። አባቷ ክሌም ቶልማን በክረምት ሥራ ላጡ ሰዎች በፔሊካን ሆቴል የጓሮ በር በኩል የበግ ሾርባ ያድል እንደነበር፣ ሾርባው ገብስ ይገባበት እንደነበር፣ ገብሱንም ከየት ያመጣው እንደነበር ተረከች። የጉባኤው ሰብሳቢ ወይዘሮ ባልፍ፣ ልጆች መዝሙር ሲያቀርቡ እንደሚደረገው፣ ጭንቅላታቸውን ነቅነቅ እያደረጉ አዳመጧት። ገብሱ ላይ ሳለች ደወሉ ተደወለ።

"እናመሰግናለን ወይዘሮ ቶልማን፤ ጊዜዎ አልቋል" አሉ ሰብሳቢዋ።

ሰባ አንድ ዓመት ኖራ አንድ ቀን ስለ ተወለድሽበት ቤት ተናገሪ ብትባል ያወራችው ስለ ገብስ ነው። ወንበሯ ላይ ተመልሳ ስትቀመጥ እስከ ጆሮዋ ቀልታ ነበር።

ፔሊካን ሆቴል ስሙ ሆቴል ይሁን እንጂ፣ በሜልበርን እንዳሉት እንደ ብዙዎቹ ሆቴሎች፣ መጠጥ ቤት ነው። የትራሙ መስመር ከሚታጠፍበት ጥግ ላይ፣ ግድግዳው እስከ ደረት ድረስ አረንጓዴ ሴራሚክ ለብሶ፣ ፎቁ ላይ ባለ ብረት በረንዳ ሆኖ ቆሟል። ክሌም ሃያ አምስት ዓመት ቢራ ቀድቶበታል፤ ኖሪንም ፎቅ ላይ ካሉት ክፍሎች በአንዱ ውስጥ ነው የተወለደችው። ቤቱ ከተዘጋ ስድስት ዓመት ሆኖታል። አንድ የቤት ገንቢ ኩባንያ ገዝቶት አፍርሶ ባለ ሰባት ፎቅ አፓርትመንት ሊያቆምበት ተነሳ። ማዘጋጃ ቤቱ በቅርስነት ላስመዝግበው አለ፤ ኩባንያው ይህ ፍርስራሽ ምን ቅርስ ነው አለ፤ አጣሪ ጉባኤውም የተቀመጠው ለዚሁ ነው።

ሰፈሩ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ለሁለት ተከፍሎ ሲነታረክ ከርሟል። በአንዱ መስኮት "ፔሊካንን አትንኩ" የሚል ወረቀት፣ በሚቀጥለው መስኮት "ለሰው ቤት ስጡ" የሚል። ድሮ በእግር ኳስ ብቻ የሚኳረፉ ጎረቤቶች በጡብ ተኳረፉ። እውነቱን ለመናገር የዚያኛው ወገን ክርክር እንዲህ በቀላሉ የሚናቅ አልነበረም። ታሊያ የምትባል ነርስ፣ እዚያው ሰፈር ያለው ሆስፒታል የምትሠራ ወጣት፣ ከኖሪን ቀደም ብላ ተነስታ ነበር።

"ከሥራ ቦታዬ አንድ ሰዓት ተኩል ርቄ ነው የምኖረው" አለች። "እዚህ የምከራየው ቤት የለም። እናንተ ባዶ መጠጥ ቤት ትጠብቃላችሁ፣ እኔ ባቡር እጠብቃለሁ።"

ኖሪን ልጅቷን ወደደቻት፤ ይህ ራሱ አናደዳት።

ከምሳ በኋላ የኩባንያው መሐንዲስ ተራ ደረሰ። ጃስፐር ቴት ይባላል፤ ከረባቱ ላይ ትንንሽ ብስክሌቶች ታትመውበታል። የፔሊካንን ወለል ፎቶ ግድግዳው ላይ እያሳየ፣ ቀይ መስመሮቹን በዘንግ እየነካካ፣ ረጋ ባለ ድምፅ ማስረዳት ጀመረ። ምንጣፉን አስነስቶ ወለሉን እንደለካው፣ ከባንኮኒው እስከ መግቢያው በር ድረስ ወለሉ ዘጠኝ ሳንቲሜትር ዝቅ እንደሚል፣ ይህም መሠረቱ በዚያ በኩል እየሰመጠ ለመሆኑ ምልክት እንደሆነ ተናገረ።

ኖሪን ሳቅ አመለጣት። አዳራሹ ዞር ብሎ አያት።

"ወለሉ እ.ኤ.አ. በ1951 በመጠጥ ቤቱ ባለፈቃድ በራሱ እጅ የተሠራ ነው" ቀጠለ ጃስፐር። "የሙያ ብቃት የጎደለው ሥራ ነው። ይህን ሕንፃ ጠብቁ ማለት እየወደቀ ያለ ነገር ደግፉ ማለት ነው።"

ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ። ባለፈቃዱ ማለት አባቷ ነው። ክሌም ያን ወለል መጠጥ ቤቱ በሚዘጋበት እሑድ እሑድ፣ ሦስት ወር ሙሉ፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ ነበር ሲሚንቶ አፍስሶ የሠራው። እስኪሞት ድረስ ጉልበቱን የሚያመው ለዚያ ነበር።

"ያ ወለል አልሰመጠም" አለች ብድግ ብላ።

የኩባንያው ጠበቃ አቶ ክራውዘር ከመቀመጫው ሳይነሳ "ክብርት ሰብሳቢ፣ ሾርባው ገና አላለቀም መሰለኝ" አለ።

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። የኖሪን ወገኖች ሳይቀሩ ሳቁ፤ ያ ነው ይበልጥ ያንገበገባት።

"ወይዘሮ ቶልማን፣ ጊዜዎ አልቋል" አሉ ወይዘሮ ባልፍ በትሕትና። "ሐሙስ ጠዋት ሁላችንም ቤቱን እንጎበኛለን። አስቀድሜ ላስታውስ፤ በጉብኝቱ ላይ ክርክር የለም። ማንም ወገን አንዲት ቃል አስተያየት አይሰጥም። የሚፈቀደው አጣሪዎቹ እንዲያዩት የሚፈልጉትን ነገር በጣት ማሳየት ብቻ ነው።"

አቶ ክራውዘርም የነዋሪዎቹ ክርክር በጠቅላላው ውሃ የማያነሳ መሆኑን ለመዝገብ አስጻፈ።

ከአዳራሹ ስትወጣ በቀጥታ የሄደችው ላዛሮስ ሱቅ ነው። ላዛሮስ ከግሪክ አገር መጥቶ ከፔሊካን ፊት ለፊት ዓሣና ድንች ሲጠብስ ከሃምሳ ዓመት በላይ ያለፈው ሰው ነው። ወሬው ቀድሟት ደርሷል።

"ሾርባ የለንም እመቤቴ" አላት ገና በሩን ከመግፋቷ። "ዓሣ ብቻ ነው።"

"ዝም በል።"

"እሺ። ግን ሰውየው ስለ መስመጥ ሲያወራ ስቃለች አሉኝ። ምን አሳቀሽ?"

"ወለሉ ለምን እንዳዘመመ አታውቅም?"

"እኔ ምን አውቄ። ስመጣም አዝምሞ ነው ያገኘሁት። የማስተውለው ደግሞ ከጠጣሁ በኋላ ስለነበር የኔ ጥፋት ይመስለኝ ነበር።"

ኖሪን ከረጅሙ በርጩማ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። "አንተ የመጣኸው ሕጉ ከተነሳ በኋላ ነው። ድሮ በሕግ መጠጥ ቤት ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ በቃ። ሰው ከሥራ የሚወጣው አሥራ አንድ ላይ ነው። አንድ ሰዓት ብቻ አለው። በዚያች አንድ ሰዓት የሌሊቱን ሁሉ ይጠጣታል። ሁለት መቶ ወንድ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ፣ ወንበር የለ፣ ጠረጴዛ የለ። ቢራው ይፈሳል፣ የሚያስመልሰው ያስመልሳል፣ ሽንት ቤት ብሄድ ቦታዬን ይወስዱብኛል ያለው ደግሞ ቆሞ እዚያው..."

"ገባኝ፣ ገባኝ። ዓሣ እየጠበስኩ ነው።"

"አሥራ ሁለት ሲሞላ ደወሉ ይደወላል፣ ሁሉም ይወጣል። ከዚያ አባዬ የውሃውን ጎማ ይዞ ይገባል። ሴራሚኩ እስከ ደረት የሆነው ለምን ይመስልሃል? ለጌጥ ነው? ግድግዳውን ለማጠብ ነው። ወለሉም ያዘመመው ውሃው በራሱ እንዲወርድ ነው። በሩ ጥግ ማፍሰሻ አለ፤ ከዚያ በግድግዳው ሥር አልፎ የጓሮው መንገድ ላይ ይወጣል። እኔ በመጥረጊያ ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ወለሉ ምግብ ይበላበታል።" ፈገግ አለች። "እኔ እኮ በልጅነቴ የዓለም ወለል ሁሉ ያዘመመ ይመስለኝ ነበር። ጓደኛዬ ቤት ሄጄ ብይ ወለሉ ላይ ባስቀምጥ አልንከባለል አለችኝ። ወለላችሁ ተበላሽቷል አልኳቸው።"

ላዛሮስ መጥበሻውን ትቶ አፍጥጦ አያት።

"እና ይህን ሁሉ እያወቅሽ ስለ ገብስ አወራሽ።"

"ስለ ወለል ማን ጠየቀኝ? ወለል የክርክር ነገር መሆኑን በምን ልወቀው? የመሐንዲሱ ጽሑፍ የደረሰው እኮ ዛሬ ነው።"

"ደብዳቤ ጻፊላቸዋ።"

"ማስረጃ የሚገባበት ቀን አልፏል። ሐሙስ ደግሞ ትንፍሽ ማለት ክልክል ነው። ማሳየት ብቻ ነው የሚቻለው።"

"ማሳየት ይቻላል?"

"በጣት።"

ላዛሮስ ድንች የሚያጥብበትን ባልዲ ነበር የሚያየው። እሷም ዓይኑን ተከትላ ባልዲውን አየችው።

ሐሳቡ እንዲህ ተወለደ፤ ግን ሐሳቡ እንደተወለደ ፍርሃቱም አብሮ ተወለደ። ከአባቷ በኋላ የመጣው ባለቤት ቤቱን ዘመናዊ አደርጋለሁ ብሎ ወለሉን ከዳር እስከ ዳር ምንጣፍ አልብሶታል። ማፍሰሻው ላይ ምን እንዳደረገበት ማንም አያውቅም። ሲሚንቶ ሞልቶበት ይሆናል። ኖሪን ሦስት አጣሪዎች ፊት ውሃ ብታፈስና ውሃው በሩ ጥግ ኩሬ ሠርቶ ቢቀር፣ ወለሉ መስመጡን በገዛ እጇ አረጋገጠች ማለት ነው። ቤቱ ይፈርሳል። የክሌም ቶልማን ስምም "የሙያ ብቃት የጎደለው" ተብሎ የማዘጋጃ ቤት መዝገብ ውስጥ ይቀበራል። ቤቱ ከሚፈርስ ይልቅ ያ ሦስት ቃል ነበር እንቅልፍ የሚነሳት።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ጓሮው መንገድ ሄደው፣ ጥቁሩ ድንጋይ ንጣፍ ላይ ተንበርክከው፣ የግድግዳውን ሥር በእጃቸው ፈተሹ። የሁለቱን ዕድሜ ደምረህ መቶ አርባ ዓመት በጉልበቱ ሲድህ ያየ መንገደኛ ቀለበት ጠፍቷቸው መስሎት ሊረዳቸው ቆመ። ላዛሮስ ቀለበት ነው አለው። አረሙ ሥር የቱቦውን አፍ አገኙት፤ ቢያንስ እሱ አለ። ላዛሮስ ሥጋ የሚሰካበትን ረጅም ብረት አስገብቶ የጠርሙስ ቆርኪ፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ አንድ የቴኒስ ኳስ ጎትቶ አወጣ። ክንድ ያህል ሲገባ ግን ብረቱ ጠንካራ ነገር ነካ። ቢወጋው፣ ቢያዞረው አልነቃነቅ አለ።

"ቆሻሻ ነው" አለ ላዛሮስ።

"ሲሚንቶ ቢሆንስ?"

"ሲሚንቶ ቢሆን ነገ እናውቃለን።"

"አንተ ምን ቸገረህ። ያንተ አባት አይደለም።"

ላዛሮስ ብረቱን በሽርጡ ጠረገው። "ኖሪንዬ፣ እኔ እዚህ ሰፈር ስመጣ እንግሊዝኛ አላውቅም ነበር። አባትሽ የመጀመሪያውን ቀን የሰጠኝ ያንን የተረገመ ሾርባ ነው። ገብሱን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ባልዲውን ነገ እኔ እሸከማለሁ።"

ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የፔሊካን ጥግ ሰው በሰው ሆነ። ወደ ውስጥ የሚገቡት ተከራካሪዎቹ ብቻ ስለሆኑ የቀረው ሰው ወረቀቱን እንደያዘ ውጭ ቆመ፤ "አትንኩ" ባዮቹ በትራሙ በኩል፣ "ቤት ስጡ" ባዮቹ ደግሞ ታሊያን ከፊት አስቀድመው በጓሮው መንገድ በኩል። ኖሪን የተሰጣትን የፕላስቲክ ቆብ ደፍታ ገባች። ላዛሮስ በረዳትነት ተመዝግቦ፣ ባልዲውን አንጠልጥሎ፣ ካቻቢቴ በኪሱ ይዞ ተከተላት።

ቤቱ ውስጥ የቆየ ሲጋራና እርጥብ ሱፍ ይሸታል። ምንጣፉ ተነስቷል፤ ለዚህስ ጃስፐር ይመስገን፤ ለመለካት ብሎ ያስነሳው እሱ ነው። ከሥሩ ያ ቀይ ወለል አቧራ ለብሶ ተገለጠ። ኖሪን ከሃምሳ ዓመት በኋላ ስታየው አቧራውን በጫማዋ ጫፍ ጠረግ አደረገችው።

"ባልዲው ምንድን ነው?" አለ አቶ ክራውዘር።

"ውሃ ነው" አለ ላዛሮስ።

"ለምን?"

"ለማሳየት" አለች ኖሪን።

"ክብርት ሰብሳቢ፣ ይህ ክርክር ነው። በጉብኝት ላይ ክርክር እንደማይፈቀድ ራስዎ ተናግረዋል።"

ወይዘሮ ባልፍ ባልዲውን አዩት፤ ቀጥለው ኖሪንን አዩ። "ወይዘሮ ቶልማን፣ ሊናገሩ ነው?"

"አንዲት ቃል አይወጣኝም።"

"እኔም እስካሁን ውሃ ሲከራከር ሰምቼ አላውቅም" አሉ ሰብሳቢዋ። "ይቀጥሉ።"

ባልዲውን ከላዛሮስ ተቀበለች። ባንኮኒው ሥር፣ አባቷ ጎማውን ይዞ ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ቆማ፣ ቀስ አድርጋ ደፋችው።

ውሃው መጀመሪያ ተንጣሎ ቆመ። ከዚያ ማንም ሳይነካው መሄድ ጀመረ። አቧራውን ከፊቱ እየገፋ፣ መሄጃውን እንደሚያውቅ ሰው፣ ከግራና ከቀኝ ወደ መሃል እየተሰበሰበ ወረደ። ወለሉ መሃል ላይ፣ ዓይን የማያየው፣ ጣት የማያህል ጥልቀት ያለው ቦይ ነበር፤ ውሃው ሲገባበት ሁሉም አየው። ሦስቱ አጣሪዎች ከዳር ከዳር አብረውት ተራመዱ። በሩ ጥግ ደረሰ። እዚያ አንድ አሮጌ የሲጋራ መሸጫ ማሽን ቆሟል፤ ውሃው እግሩ ሥር ሄዶ ተጠራቀመ፣ ሰፋ፣ ቆመ።

አቶ ክራውዘር ጉሮሮውን ጠራረገ። "እንደሚታየው ውሃው ያቁራል፤ መስመጡን..."

"አቶ ክራውዘር፣ ክርክር የለም" አሉ ወይዘሮ ባልፍ።

ኖሪን ያን ማሽን አታውቀውም፤ በአባቷ ጊዜ አልነበረም። እጇን አንስታ ጣቷን ቀሰረች። ወደ ማሽኑ ሥር አሳየች። ሌላ የሚፈቀድላት ነገር አልነበረም።

ከዚያ ጃስፐር ከረባቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ማሽኑን በአንድ በኩል ያዘ፤ ላዛሮስም በሌላ በኩል። ገፉት። ከሥሩ በሚስማር የተመታ፣ እርጥበት ያሳበጠው ኮምፔንሳቶ አለ። ላዛሮስ ካቻቢቴውን በጫፉ ሥር ሰክቶ ተጫነው፤ ኮምፔንሳቶው እንደ ብስኩት ተሰብሮ ተነሳ። አንድ ሳህን የሚያህል የነሐስ ወንፊት፣ በእርጅና ጠቁሮ፣ ከወለሉ ጋር ልክ ለልክ ተገጥሞ ተኝቷል።

ውሃው ወደ ወንፊቱ ዘለቀ። ቀዳዳዎቹን ሞላ። ሞልቶም ቆመ።

ያች ሰዓት ረዘመችባት። ኖሪን ወንፊቱን ሳይሆን አባቷን ነበር የምታየው፤ በተጠቀለለ ሱሪ፣ ጎማውን በብብቱ ይዞ፣ "አትቸኩይ፣ ውሃ መንገዱን አይስትም" የሚላትን። ይቅር በለኝ አባዬ አለች በልቧ። መናገር ሲገባኝ ሾርባ አወራሁ፣ አሁን ደግሞ በባልዲ ገደልኩህ።

ወንፊቱ አንዴ ቡልቅ አለ። ከሥር የሆነ ነገር እንደሚያገሳ አገሳና ውሃው በአንድ ጊዜ ተስቦ ገባ። ከዚያ ከግድግዳው ወዲያ፣ ከጓሮው መንገድ፣ የሴት ድምፅ ተሰማ።

"ኧረ ጫማዬ። ኧረ ከየት ነው ይሄ ውሃ?"

ታሊያ ነበረች። ቱቦው የሃምሳ ዓመት ጥቁር ጭቃውን እግሯ ላይ ዘርግፎባት ነበር። መጀመሪያ የሳቀችው እሷው ናት፤ ከዚያ ጓሮው መንገድ ሁሉ ሳቀ፤ ከዚያ የሆነው ነገር ከሰው ወደ ሰው ዞሮ ትራሙ በኩል ሲደርስ ሳቁ ወደ ጭብጨባ ተለወጠ።

"አቶ ክራውዘር" አለ ላዛሮስ ካቻቢቴውን ኪሱ እየከተተ፣ "አሁንስ ውሃ አነሳ?"

"አቶ ላዛሮስ፣ ክርክር የለም" አሉ ሰብሳቢዋ፤ ግን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ነው ያሉት።

በዚህ መሃል ጃስፐር ቴትን ያስተዋለው ሰው አልነበረም። ከቦርሳው ውሃ ልኩን አውጥቶ፣ በንጹሕ ሱሪው ርጥብ ወለል ላይ ተንበርክኮ፣ ከበሩ ወደ ባንኮኒው በየሜትሩ እየለካ ይሄድ ነበር። ባንኮኒው ጋ ሲደርስ ተመልሶ እንደገና ለካ። ሲነሳ ጉልበቱ ቀይ ጭቃ ሆኗል።

"አንድ ዓይነት ነው" አለ። "ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነው። መሬት ሲሰምጥ እንዲህ አይሰምጥም፤ እዚህ ይጎደጉዳል፣ እዚያ ይሰነጠቃል። ይሄ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። እኔ ዛሬ በሌዘር ይህን ያህል አስተካክዬ ማፍሰሴን እጠራጠራለሁ።"

"ጃስፐር" አለ ጠበቃው በጥርሱ መሃል፣ "በጉብኝት ላይ ክርክር የለም።"

"አልተከራከርኩም" አለ ጃስፐር። ውሃ ልኩን ከፍ አድርጎ ያዘው። "እያሳየሁ ነው።"

ኖሪን ይህን ልጅ ማክሰኞ ዕለት ልታንቀው ምንም አልቀራት ነበር። አሁን ግን ስሕተቱን በሰው ፊት በጉልበቱ ተንበርክኮ ያረመ ሰው መሆኑን አየች፤ ልቧ ራራለት። እንዲህ ያለ ሰው ብዙ አላጋጠማትም።

ወይዘሮ ባልፍ ማስታወሻቸው ላይ ለረጅም ጊዜ ጻፉ። "ተከራካሪዎች አይናገሩም" አሉ ቀና ብለው፤ "ሰብሳቢ ግን መጠየቅ ይችላል። ወይዘሮ ቶልማን፣ አባትዎ ውሃው ወደ በሩ እንዲሄድ ለምን ፈለጉ?"

ደወል የለም። ሰዓት የሚቆጥር የለም። የፈለገችውን ያህል መናገር ትችል ነበር።

"አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ወንዶቹን ሕጉ ያስወጣቸዋል" አለች ኖሪን። "የቀረውን አባዬ ያስወጣው ነበር።"

የጉባኤው ውሳኔ ከሰባት ሳምንት በኋላ ወጣ። ላዛሮስ ሱቁን ዘግቶ፣ መነጽሩን ሰክቶ፣ ጮክ ብሎ አነበበላት፤ እሷ መነጽሯን ዛሬም ቤት ረስታለች። ፔሊካን ሆቴል በቅርስነት እንዲመዘገብ፤ የሚጠበቀውም በረንዳው ወይም ጡቡ ብቻ ሳይሆን ከሁሉ በፊት ወለሉ፣ ሴራሚኩና ማፍሰሻው እንዲሆን፤ የአንድ ዘመን ሕግ በሲሚንቶ ተጽፎ የሚነበብበት እንዲህ ያለ ወለል አጣሪዎቹ ሌላ ቦታ አይተው እንደማያውቁ ይላል። ዘጠኙ ሳንቲሜትር ቤቱን ሊያስፈርስ መጥቶ ቤቱን አዳነው። ኩባንያው ደግሞ ኋላ ባለው የመኪና ማቆሚያ ላይ ባለ አራት ፎቅ መኖሪያ እንዲሠራ ተፈቀደለት። ኖሪን ይህንን ስትሰማ ታሊያን አስባ ደስ አላት።

"ስለ ወለሉ ሥራ የሚለውንስ?" አለች።

ላዛሮስ ገጹን ገለጠ። "'የሙያ ብቃት የጎደለው የሚለው አገላለጽ በመሐንዲሱ በራሱ ጥያቄ ተሰርዟል። ወለሉ በክሌመንት ቶልማን እጅ፣ በጥንቃቄ ተለክቶ የተሠራ የተዋጣለት ሥራ ነው።'"

"ድገመው።"

ደገመላት። ሦስተኛ ጊዜ ድገመው ስትለው ወረቀቱን እጇ ላይ አስቀምጦ ድንቹን ሊያገላብጥ ሄደ፤ ስታለቅስ ማየት አልፈለገም።

ፔሊካን ታድሶ የተከፈተው በሁለተኛው ዓመት፣ ሙቀቱ በበረታ አንድ የበጋ ቅዳሜ ነው። ጥጉ እንደ ድሮው ትከሻ ለትከሻ ተጣበቀ። "አትንኩ" ባዩም፣ "ቤት ስጡ" ባዩም አንድ ባንኮኒ ላይ ተደግፎ ቢራውን ያዘ። ታሊያ በጓሮ በኩል ባለው አዲስ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተከራይታ ስለነበር ሥራዋን ጨርሳ በእግሯ መጣች፤ መንገዱ አራት ደቂቃ ፈጀባት። ጃስፐርም መጣ፤ ዛሬ ከረባቱ ላይ ትንንሽ ፔሊካኖች ነበሩበት፤ ከየት እንዳገኘው እሱ ነው የሚያውቀው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሲል ማይክሮፎን አመጡላት።

"ወይዘሮ ቶልማን" አለ አዲሱ ባለቤት፣ "የፈለጉትን ያህል ይናገሩ። ዛሬ ደወል የለም።"

"ስለ ሾርባው ንገሪን" አለ አንዱ ከኋላ፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አብራ ሳቀች።

ማይክሮፎኑን ለላዛሮስ አቀበለችው። ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ጠቀለለች። ከባንኮኒው ኋላ ሄዳ በግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን አሮጌ ደወል ገመዱን ይዛ ሦስት ጊዜ ሳበችው። ከዚያ የውሃውን ጎማ ብብቷ ሥር ሸጎጠች።

"ጊዜያችሁ አልቋል" አለች፣ ቧንቧውንም ከፈተችው።

ቤቱ ሙሉ ሰው ብርጭቆውን ወደ ላይ ይዞ፣ እየጮኸና እየሳቀ፣ ከውሃው ፊት ፊት ወደ በሩ ሮጠ። ታሊያ ጫማዋን በእጇ ይዛ ነበር። ውሃውም ማንም መንገድ ሳያሳየው ወርዶ በወንፊቱ ገባ፤ ኖሪን ደግሞ መጥረጊያዋን አንስታ ተከተለችው።